እሺ የሚያሰኝ ጎሚኒ

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ታላቅ ሰው የምስጋና መግለጫ ይሆን ዘንድ ቀርቧል። በባሕር ዳር ሐውልት የቆመላቸው አሉ፤ አደባባይ የተሰየመላቸውም አሉ። አቶ መርስዔ ኀዘን ግን ሐውልትም አደባባይም የላቸውም። ያላቸው አንድ ወንበር ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል፤ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መደገፊያው ከማጅራት ያልፋል። ፊት ለፊቱ ባለው መስኮት ጣና ወለል ብሎ ይታያል። አቶ መርስዔ ኀዘን በዚህ ወንበር ተቀምጠው፣ በሐይቁ ላይ የሚያልፉትን ታንኳዎች በዓይናቸው እየሸኙ፣ የገጠር መንገዶችን ጥገና ይመራሉ። ታንኳ መንገድ እንደማያስፈልጋት ባዩ ቁጥር ልባቸው ይረጋጋል። መንገዶቹን በአካል ሄደው አይተዋቸው አያውቁም፤ ሥራን ቀርቦ ማየት ሠራተኛን አለማመን ነው ይሉ ነበር።

ስሙን በትሕትና የማንጠቅሰው የእሳቸው ጽሕፈት ቤት በግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ላይ፣ ከጢስ ዓባይ መንገድ ተገንጥሎ ወደ አንዲት ቀበሌ የሚገባውን መንገድ መቶ በመቶ ጠግኖ መጨረሱን አብሥሯል። ሪፖርቱ ፈጽሞ ሐሰት ነው የሚል ሰው ካለ ይታረም። የተጠናቀቀ ነገር አለ። በመንገዱ መግቢያ ላይ «ይህ መንገድ ተጠናቋል» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሰሌዳው እውነትም ተጠናቋል። ከሰሌዳው ወዲያ ያለው ጉድጓድ፣ ኮረትና የዝናብ ቦይ ደግሞ ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊትም የነበረ ስለሆነ፣ እንደ አዲስ ነገር ሊነሣ አይገባውም።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አዲስ የተሾሙት የበላይ ኃላፊ፣ ወይዘሮ መቅደላዊት፣ ሐሙስ መጥተው ያንኑ መንገድ በመኪና ሄደውበት ያያሉ ተባለ። አቶ መርስዔ ኀዘን ስልኩን አስቀመጡና የወንበራቸውን ክንድ ጨበጡ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ በአንድ ድልድይ ምክንያት ከዚሁ ወንበር እንደተነሡ ያውቃሉ፤ እኒያ ሰው ዛሬ ሐይቁን የሚያዩት ዓሣ ሊገዙ ሲወጡ ብቻ ነው። አቶ መርስዔ ኀዘን ፈሩ። መሪነት የማያድነው ፍርሃት ፈሩ።

«እስከ ሐሙስ መንገዱን ማለስለስ ይቻላል?» አሉ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው።

«ኧረ የት ተችሎ!» አለ ሾፌሩ አንዳርጋቸው። «ግን ጌታዬ፣ ሰውን የሚያንገጫግጨው መንገዱ ብቻ አይደለም እኮ። የመኪናችን ጎሚኒ ሙትት ብሏል።»

ጎሚኒ ማለት ባሌስትራው፣ ክብደት ተሸካሚው ደራርብ ብረት፣ ከመኪናው ጋር በሚገናኝበት ላይ የሚሰካ፣ ብረት ከብረት እንዳይማታ የሚከለክል ትንሽ ድቡልቡል ትራስ ነው። አቶ መርስዔ ኀዘን ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ስለዚህ ችግሩ የመንገድ ሳይሆን የመኪና ነው ማለት ነው!»

«እንዴ፣ የሁለቱም ነው እንጂ…»

«ወንጌላዊት፣ ያዥው! ችግሩ የመኪና ነው።»

ወንጌላዊት የጽሕፈት ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት። ያዘችው።

አንዳርጋቸው ፋሲሎ ሰፈር ካለ አንድ መለዋወጫ መደብር ሁለት ዓይነት ጎሚኒ ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ጥቁር ነው፤ የጎማ። ሁለተኛው እንደ በርበሬ የቀላ ነው፤ ዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ። ሻጩ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶለታል፦ ጎማው ይለሰልሳል ግን ቶሎ ያልቃል፤ ዩሬቴኑ ይደርቃል ግን አይበገርም። አንዳርጋቸው ቀዩን ወዶታል፤ ከመቀመጫው ልብስ ጋር ይሄዳል። ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ ያለቀ ጉዳይ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ክብር አይመጥንም። በመሆኑም በአቶ መርስዔ ኀዘን ሰብሳቢነት «የጎማና የዩሬቴን ጎሚኒዎች የግትርነት ንጽጽር ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። የኮሚቴው ዓላማ ግልጽ ነበር፦ ወይዘሮ መቅደላዊት መንገዱ ሳይሰማቸው እንዲያልፉት የሚያደርገውን ጎሚኒ መለየት፣ በዚህም ወንበሩን ካለበት ሳይነቃነቅ ማቆየት።

«የቴክኒክ ኮሌጅ ሰዎች መፈተሻ ማሽን አላቸው እኮ» አለች ወንጌላዊት። «ይጫኑትና ምን ያህል እንደተኛ ይነግሩናል። በቃ፣ ቀላል ነገር ነው፣ አታካብዱት።»

«ለምን ፈለጋችሁት ቢሉንስ?» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን።

ማሽን ምስጢር ስለማይጠብቅ ከውድድሩ ውጭ ተደረገ።

በመጀመሪያ በአውራ ጣት የመጫን ሙከራ ተካሄደ። ቀድመው የተጫኑት ሰብሳቢው ናቸው። የአቶ መርስዔ ኀዘን አውራ ጣት ለዓመታት ከማኅተም በቀር ምንም ተጭኖ ስለማያውቅ፣ ጥቁሩም ቀዩም ንቅንቅ አላሉለትም። «ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ አባላቱ በየተራ ተጫኑ። አንዳርጋቸው ጥቁሩን ሲጫን ጣቱ ስምጥ አለበት፤ ደንግጦ ቶሎ መለሰው። የአለቃ ጣት ያልገባበት የሾፌር ጣት ቢገባ ምን እንደሚባል ያውቃልና «እውነትም አንድ ናቸው» አለ። ቀጥሎ በጥርስ የመንከስ ሙከራ በአጀንዳ ቀረበ፤ ሆኖም የሰብሳቢው የፊት ጥርስ ስለሚነቃነቅ ሙከራው ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላለፈ።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪጌታ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ በሰንበትና በበዓላት ግን በሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ ማሕሌት ይመራሉ። በስብሰባ ላይ ብዙም አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን መስኮቱ ይርገበገባል።

«መኪና ሲንገጫገጭ የሰው ድምፅ ይቆራረጣል» አሉ። «እኔ ከኋላ ተቀምጨ አንድ ዜማ ልያዝ። በጥቁሩ አንድ ጊዜ፣ በቀዩ አንድ ጊዜ። ድምፄ አብዝቶ የተናወጠበት እሱ ግትሩ ነው። ስንት ዘመን ያዜምሁ ሰው ነኝ፤ ጉሮሮየን አውቀዋለሁ።»

ጉባኤው አጨበጨበ። «አገር በቀል ዕውቀት» የሚለው ሐረግ ከየአቅጣጫው ተሰማ።

«እንግዲያው ከድጓው አንዷን ያሰሙናል» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን።

«ድጓን? ለጎሚኒ?» መሪጌታ አማተቡ። «እግዜር ይይልዎ! ሌላ ነገር ስጡኝ።»

በእጅ የተገኘው ሌላ ነገር የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ብቻ ነበር። መሪጌታ ሪፖርቱን ቤታቸው ወስደው በነጋታው በዕዝል ዜማ አሰናድተውት መጡ።

ማክሰኞ ጥቁሩ ጎሚኒ ተገጠመ። አንዳርጋቸው ነዳ። ወንጌላዊት ከፊት ተቀምጣ ወደ ኋላ እየዞረች በስልኳ ቀረጸች። አቶ መርስዔ ኀዘን መካከለኛው ወንበር ላይ፣ መሪጌታ ከኋላ ሆኑ። ሰማያዊው ሰሌዳ እንደታለፈ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው «በተያዘው ዕቅድ መሠረት የተከናወኑ ዐበይት ተግባራት…» ብለው ጀመሩ። መኪናው ማዕበል እንደያዘው ታንኳ ግራና ቀኝ ይዋልላል፤ የእሳቸው ድምፅ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «መቶ በመቶ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብቻ ተንቀጥቅጦ ወረደ።

ረቡዕ ቀዩ ተገጠመ። ያን ዕለት መንገዱ ማንንም ሳያስፈቅድ በቀጥታ ወደ ሰው አከርካሪ ገባ። አቶ መርስዔ ኀዘን «አንተ፣ ቀስ በል!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ምላሳቸውን ነከሱ፤ ከዚያ ወዲያ ጥርሳቸውን ገጥመው ዝም አሉ። መሪጌታ ግን እንደ ትናንቱ ቀጥ አድርገው አዜሙ። «መቶ በመቶ» ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ ልክ እንደ ትናንቱ፣ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ወረደ።

«ይህ ቃል ላይ ሁልጊዜ የሚያንቀጠቅጥዎ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ አቶ መርስዔ ኀዘን ሲወርዱ፣ ምላሳቸው እየተኮላተፈ።

«ዜማው ነዋ! እዚያ ላይ ርክርክ አድርጌበታለሁ። ድምፅ እየተንጠባጠበ የሚወርድበት ምልክት ነው። መኪና ተንገጫገጨ ብየ ርክርክ አልጨምር፣ አልቀንስ። የተማርሁት እንዲያ አይደለም።»

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ተጻፈ፦ «የሁለቱ ጎሚኒዎች ግትርነት በሳይንሳዊ ዘዴ ተነጻጽሮ እኩል ሆኖ ተገኝቷል። የሰብሳቢው ወገብ ልዩነት አለ የሚል አቤቱታ ቢያቀርብም፣ ወገብ የኮሚቴው አባል ባለመሆኑ አቤቱታው አልተመዘገበም።» ወንጌላዊት ውጤቱን ያለ ወገቡ በጽሕፈት ቤቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ለሕዝብ ይፋ አደረገች። ብዙ ሰው ወደደው። ምን እንደሆነ የገባው ግን አልነበረም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊት የሁለቱን ቀን ቪዲዮ ስትቆራርጥ በሳቅ ፈነዳችና ወደ አለቃዋ ቢሮ ሮጠች።

«አቶ መርስዔ፣ ይቺን ማየት አለብዎት! በጥቁሩ ቀን ራሳችሁን ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ። እምቢ፣ እምቢ የምትሉ ነው የምትመስሉት። በቀዩ ቀን ደግሞ ላይና ታች! እሺ፣ እሺ፣ እሺ! በእናቴ፣ የሆነ ነገር ተጠይቃችሁ የተስማማችሁ እኮ ነው የሚመስለው!»

እሷ ሳቀች። አቶ መርስዔ ኀዘን አልሳቁም። ስልኩን ተቀብለው ደጋግመው አዩት። ለስላሳው ጎማ መኪናውን ወደ ጎንና ወደ ጎን ያወዛውዘዋል፤ የተሳፈረውም ሰው እምቢ ይላል። ግትሩ ዩሬቴን ጉድጓዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይልከዋል፤ የተሳፈረውም ሰው እሺ ይላል። በዚያ ላይ ምላስ ስለሚነከስ ማንም አፉን አይከፍትም። ወይዘሮ መቅደላዊት በለስላሳው ጎሚኒ ቢመቻቸውም ዓይን አላቸው፤ መንገዱን ያያሉ፤ ያዩትን ይናገራሉ። በግትሩ ግን ዓይናቸው ምንም ቢያይ ራሳቸው ይስማማል። አቶ መርስዔ ኀዘን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው አንድ ዙር ተሽከረከሩ።

«ቀዩ ይሁን» አሉ።

«የክብርት ኃላፊዋ ወገብስ? ትልቅ ሰው አይደሉ እንዴ!»

«የእሳቸው ወገብ ይታሻል። የኔ ወንበር…» አሉና ዓይናቸው ወደ ሐይቁ ሄደ፤ ነገሩን አልጨረሱትም።

ለመሪጌታ አዲስ ኃላፊነት ተሰጠ። በሁለቱ ቀን ጉዞ መንገዱን እንደ ዜማ በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ የትኛው ጉድጓድ የትኛውን ተከትሎ እንደሚመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ። ስለዚህ መንገዱ ሊከፋ ሲል «መቶ በመቶ»ን ያንጎራጉራሉ፤ አቶ መርስዔ ኀዘን ያን ሲሰሙ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ዩሬቴኑ ይሰጣል። እንዲህ ያለ የተቀናጀ አሠራር በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

ሐሙስ ወይዘሮ መቅደላዊት በተባለው ሰዓት መጡ። ነጠላ የደረቡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሴት ናቸው። ከአቶ መርስዔ ኀዘን ጎን ተቀመጡ። ሰሌዳውን ሲያዩ «አምሯል» አሉ። ሰሌዳውን እንዳለፉ «ይኼ ግን…» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸውን ነከሱና ዝም አሉ። ከኋላ የመሪጌታ እንጉርጉሮ ተሰማ።

«ክብርት ኃላፊ፣ መንገዱ በዕቅዱ መሠረት መጠናቀቁን ተመለከቱልን?» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን፣ ቶሎ ብለው፣ ጉድጓዱ ሳይደርስ።

ጉድጓዱ ደረሰ። ክብርት ኃላፊዋ ላይና ታች፣ ላይና ታች፣ በሙሉ ልብ ተስማሙ።

ትንሽ ሄደው መሪጌታ እንደገና አንጎራጎሩ።

«ጥራቱስ እንዴት ነው? አረካዎት?»

ከበፊቱ አብልጠው ተስማሙ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ።

«ጽሕፈት ቤቱ ሽልማት ይገባዋል ይላሉ?»

እዚህ ላይ የዝናብ ቦዩ መጣና የክብርት ኃላፊዋ ራስ ጣራውን ነካ። ወንጌላዊት የቪዲዮውን ርእስ እዚያው አሰበችው፦ «ኃላፊዋ ድጋፋቸውን በከፍተኛ ስሜት ገለጹ»። አቶ መርስዔ ኀዘን ከደስታቸው ብዛት ወገባቸው ቢሰበር እንኳ ግድ አልነበራቸውም።

ቀበሌዋ ሲደርሱ ሁሉም ወርደው ወገባቸውን ያዙ። አቶ መርስዔ ኀዘን «መንገዱ ተጠናቋል፣ እናመሰግናለን» በሚለው በሁለተኛው ሰሌዳ ጥላ ሥር ቆመው ድላቸውን ሲያጣጥሙ፣ ወይዘሮ መቅደላዊት መሪጌታን ሲያነጋግሩ ሰሙ።

«መሪጌታ፣ ያቺ ደጋግመው የሚያንጎራጉሯት ምንድን ናት?»

«ሪፖርቷ ናት እመቤቴ። መቶ በመቶ የምትለዋ ላይ ርክርክ አለባት።»

«እኔም ርክርክ መሰለችኝ። አባቴ እዚሁ ጣና፣ ደሴት ላይ ድጓ ነበር የሚያስተምሩ። ልጅ ሁኘ ደጅ ተቀምጨ ስሰማ፣ ዜማው የት ላይ እንደሚወርድ ከተማሪዎቹ ቀድሜ አውቅ ነበር።»

«እሰይ! እንዲያማ ከሆነ የኛው ልጅ ነዎት።»

አቶ መርስዔ ኀዘን ይህን ሲሰሙ ይበልጥ ደስ አላቸው። የመምህር ልጅ ናቸው፤ ሆዳቸው ይራራል፤ ወንበሬ ተረፈ አሉ በልባቸው።

ሲመለሱም መሪጌታ ጉድጓድ በቀረበ ቁጥር፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንጎራጎራቸውን ቀጠሉ። የያዙትን ዜማ መሐል ላይ መተው አይሆንላቸውም። ወይዘሮ መቅደላዊት ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። መንገዱ ጥቂት ረገብ ያለበት ቦታ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ አሁንም እየቀረጽሽ ነው?»

«አዎ እመቤቴ! እንዲያውም ላይቭ ነን!» አለች ወንጌላዊት።

«ጎሽ፤ እንዳታቋርጪ።» ከኋላ ዜማው ወደ «መቶ በመቶ» ሲያዘነብል ወደ አቶ መርስዔ ኀዘን ዞሩ። «አቶ መርስዔ ኀዘን፣ እንዲህ ያለ መንገድ አሳቢ ይፈልጋል። ያን ወንበርዎን ለቀው፣ እዚሁ ቀበሌ ገብተው፣ ዶማና አካፋ ከያዙት ጋር እየዋሉ መንገዱን ቢጠግኑ ፈቃደኛ ነዎት?»

አቶ መርስዔ ኀዘን ክው አሉ። «እም…» ብለው ጀመሩ። ጉድጓዱ ቀደማቸው። ምላሳቸው እዚያው የትናንቱ ቁስል ላይ ተነከሰ፤ ራሳቸው ላይና ታች፣ ላይና ታች ተስማማ።

«በገዛ ፈቃድዎ?»

ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጆቻቸውም አብረው ተስማሙ።

«ከሰኞ ጀምሮ?»

አንዲት እምቢ፣ አንዲት ትንሽ ወደ ጎን፣ አንገታቸውን አገትረው ታገሉ። ያን ጊዜ ጥቁሩ ጎሚኒ ትዝ አላቸው፤ ያ ቶሎ የሚያልቅ፣ ያ ለስላሳ፣ ያ እምቢ ማለት የሚያውቅ ጎሚኒ። ዕንባቸው መጣ። ዩሬቴኑ ግን ሻጩ እንዳለው አልበገር አለ፤ የዝናቡ ቦይ ላይ ሲደርሱ አቶ መርስዔ ኀዘን ጣራውን በራሳቸው እስኪመቱ ድረስ ተስማሙ። በስልኩ ላይ ሕዝቡ የልብና የጭብጨባ ምልክት አዘነበላቸው።

ሰሌዳውን አልፈው ደኅናው መንገድ ላይ ሲወጡ ምላሳቸው ተፈታ።

«አልተስማማሁም! እኔ አይደለሁም የነቀነቅሁ! ጎሚኒው ነው፣ ቀዩ ግትር ነው፣ ጥቁሩ ቢሆን ኖሮ…»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ መቅደላዊት፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «ኮሚቴዎ ሁለቱም እኩል ናቸው ብሎ በገጻችሁ ላይ አውጥቶ የለ? እኔኮ አንብቤዋለሁ። ደግሞም በሳይንሳዊ ዘዴ።»

የአቶ መርስዔ ኀዘን ወገብ መልስ ነበረው፤ ነገር ግን የኮሚቴው አባል አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀምጠው ሐይቁን እያዩ አንድ ዙር ተሽከረከሩ። ታንኳዎቹ እንደ ወትሮው ያለ መንገድ ያልፋሉ። ወንጌላዊት «ኃላፊው በራሳቸው ጽኑ ፍላጎት ወደ ልማት ግንባር ወረዱ» የሚል ዜና ለጠፈች። ከሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ቀዩ ጎሚኒ የት እንደሚሸጥ የሚጠይቁ ስልኮች ይደወሉ ጀመር፤ ብዙዎቹ ለአዳራሽ ወንበር ይሆን እንደሆነ ነው የጠየቁት።

አቶ መርስዔ ኀዘን ሻንጣቸውን ጭነው ወደ አዲሱ ሥራቸው የተሸኙት በዚያው መኪና ነው። በኪሳቸው የተረፈውን ጥቁር ጎሚኒ ይዘው ነበር። ሰማያዊውን ሰሌዳ እንዳለፉ አንዳርጋቸው አዘነላቸውና በመስታወቱ እያያቸው ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ እንደው አዲሱን ሥራ ወደዱት?»

አቶ መርስዔ ኀዘን ጥቁሩን ጎሚኒ በእጃቸው ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ገጥመው፣ እስከ ቀበሌዋ ድረስ አዎን እያሉ ሄዱ።